ማገዶ በውርጭ ወይስ በሐሩር? ከመቁረጥ እስከ መከመር

አንድ ግንድ በሁለት ወቅት ሁለት ባሕርይ አለው። በሐሩር ቀን እርጥብ ጉማጅ በመጥረቢያ ስትመቱ «ድፍ» ይላል። ስለቱ ይገባል፣ ይቀረቀራል፣ እናንተም እጀታውን ይዛችሁ ትታገላላችሁ። ያንኑ ጉማጅ ሁለት ሌሊት ውርጭ ካደረበት በኋላ ምቱት። «ጧ!» ብሎ ለሁለት ይበረገዳል። ክንዱ ያው ነው፣ መጥረቢያውም ያው። የተለወጠው ውስጡ ያለው ውሃ ነው።

አንድ ነገር ላስቀድም። ክረምት ስንባል ቶሎ የሚመጣብን ዝናብ ነው። እኔ የማወራው ግን ቴርሞሜትሩ ከ0 ዲግሪ በታች ስለሚወርድባቸው ወራት ነው። ግራ እንዳንጋባ ብርዱን ውርጭ፣ ሙቀቱን ሐሩር እያልኩ እቀጥላለሁ።

ፍርዴን ገና ከጅምሩ ልናገር፦ ብርዱ ለሠሪው፣ ሙቀቱ ለእንጨቱ። መቁረጡንና መፍለጡን በውርጭ ጨርሱ፤ ማድረቁን ለሐሩር ተዉት። እንግዲህ ዘንድሮ በብርድ የምትፈልጡት ለዘንድሮ ምድጃ አይደለም፣ ለሚቀጥለው ነው። ደግሞ ሰው ሁልጊዜ ወቅት አይመርጥም። ነፋስ ሳይታሰብ ዛፍ ይጥላል፤ እረፍት የምናገኘውም በሙቀቱ ወራት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሁለቱንም ጎን ለጎን እያየን እንሂድ።

መጀመሪያ ውሃውን እንወቅ

አሁን የተቆረጠ እንጨት በውሃ የተሞላ ነው። ከደረቅ ክብደቱ ጋር ሲነጻጸር ውሃው ግማሽ ያህል ሊሆን ይችላል። በአንዳንድ ዛፎች ከደረቁ እንጨት ራሱ ይበልጣል። ይህ ውሃ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በእንጨቱ ቀዳዳዎች ውስጥ በነጻ የተቀመጠ ነው። ሌላው የቃጫው ግድግዳ ውስጥ የሰረገ ነው። ነጻው ቀድሞ ይወጣል። እርጥበቱ ወደ 30 በመቶ ሲወርድ የሰረገው መውጣት ይጀምራል። ያኔ እንጨቱ ይኮማተራል፣ ጫፉም ይሰነጣጠቃል።

ውርጭ ሲመጣ ነጻው ውሃ በረዶ ይሆናል። የታሰረ በረዶ ያለበት እንጨት መለመጥን ይረሳል። ስንጥቁ አንዴ ከጀመረ እስከ ታች ይሮጣል። «ጧ» የሚለው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ በየቦታው የሚሰማ አንድ ወሬ አለ፦ «በብርድ ወቅት ዛፉ ውሃውን ወደ ሥሩ ያወርዳል፣ ስለዚህ ያኔ የተቆረጠ ደረቅ ነው።» ለአብዛኞቹ ዛፎች ልዩነቱ ትንሽ ነው። በውርጭ የተቆረጠ ግንድም እርጥብ ነው። ይህን አምነው ከጫካ ወደ ምድጃ የሚያስገቡ ሰዎች ጭስ ሲጨሱ ይከርማሉ።

ደረቅ የምንለው እርጥበቱ ከ20 በመቶ በታች ሲሆን ነው። እንዲህ ያለ አንድ ኪሎ እንጨት ወደ 4 ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት ይሰጣል። እርጥቡ ግን ከሙቀቱ ላይ ለራሱ ውሃ ማትነኛ ይቀንሳል። የሚወጣው እንፋሎትና ጭስ ደግሞ ጭስ ማውጫው ውስጥ ሬንጅ የመሰለ ጥቀርሻ ይለጥፋል። ያ ጥቀርሻ አንድ ቀን ራሱ ይቀጣጠላል።

አንድ፦ ቀኑን ምረጡ

በውርጭ ወራት የመጀመሪያው ቀዝቃዛ ጠዋት ላይ አትቸኩሉ። አንድ ሌሊት ውርጭ ቅርፊቱን ያጠነክር ይሆናል እንጂ ወፍራም ግንድ ውስጥ አይገባም። ሁለት ሦስት ሌሊት በተከታታይ ከ0 ብዙ ዝቅ ሲል ነው እስከ መሐል የሚደርሰው። ያን ጊዜ መሬቱም ይጠነክራል። ጭቃ የለም፤ ግንድ መጎተት ይቀላል። ቅጠል ስለረገፈ የትኛው ቅርንጫፍ ሞቶ እንደተንጠለጠለ ቀና ብላችሁ ታያላችሁ። ተርብ የለም፣ የወፍ ጎጆም አትነኩም። ዛፉ ከጉቶው እንደገና የሚያቆጠቁጥ ከሆነም በዕንቅልፉ ወቅት መቆረጡ ይስማማዋል። ችግሩ ቀኑ ማጠሩ ነው። ብርሃን ሲደበዝዝ መጋዙን አስቀምጡ። «ይህችን አንድ ልጨርስ» የምትባለዋ ናት ሰው የምትጎዳው።

በሐሩር ጎህ ሲቀድ ጀምሩ፣ ፀሐይ ሳትበረታ አቁሙ። ቀትር ላይ መጥረቢያ ማንሳት ጉብዝና አይደለም።

ሐሩር በመቁረጥ በኩል አንድ ብልሃት አለው፤ እኔ በጣም እወደዋለሁ። ዛፉን ቅጠሉ እንዳለበት ጥላችሁ ቅርንጫፉን ሳትመለምሉ ተዉት። ቅጠሎቹ መሞታቸውን አያውቁም፤ ከግንዱ ውሃ መሳባቸውን ይቀጥላሉ። ከሁለት እስከ አራት ሳምንት በኋላ ቅጠሉ በእጅ ሲጨበጥ የሚፈረፈር ከሆነ፣ ግንዱ ከውሃው የተወሰነውን በነጻ አስወጥቷል ማለት ነው። ከዚያ መልምሉና ቆራርጡ።

ሁለት፦ መሣሪያውን ለወቅቱ አዘጋጁ

ከመጥረቢያው እንጀምር። በኃይለኛ ብርድ ቀጭን የብረት ስለት ይሰባበራል። አንድ ጠዋት ውጭ ያደረ መጥረቢያ አንስቼ በቀጥታ ጉጥ ላይ ወረድኩበት። የጣት ጥፍር የምታህል ቁራጭ ከስለቱ ላይ ዘለለች። መነጽር ባላደርግ የት እንደምትገባ ማሰብ አልፈልግም። ከዚያ በኋላ የቀረውን ጠዋት ያሳለፍኩት ሞረድ ይዤ ነው። መጥረቢያው ቤት ውስጥ ይደር። ካልሆነም ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ስለቱን ጃኬታችሁ ውስጥ ያዙት፤ በመሸፈኛው፣ እባካችሁ። የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ምቶች ቀለል አድርጉ።

በሐሩር የሚቸግረው እጀታው ነው። እንጨቱ ይደርቃል፣ ይኮማተራል፣ የብረቱ ራስ ይላላል። ብዙ ሰው ባልዲ ውኃ ውስጥ ይዘፈዝፈዋል። ለዕለቱ ያብጥና ይጠብቃል፤ ሲደርቅ ግን ከበፊቱ ይብስበታል። በደንብ መፍትሔ የሚሆነው ራሱ ላይ ያለችውን ሽብልቅ ወደ ውስጥ መምታት ወይም እጀታውን መቀየር ነው። አልፎ አልፎ የተልባ ዘይት መቀባትም ይረዳል። የቀባችሁበትን ጨርቅ ግን ጠቅልላችሁ አትጣሉ። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ይሞቃል፤ የተጨማደደ ጨርቅ ውስጥ ሙቀቱ መውጫ ሲያጣ ክብሪት ሳይነካው ይነዳል። ዘርግታችሁ ውጭ አድርቁት።

የሞተር መጋዝ የምትጠቀሙ ከሆነ፣ ሰንሰለቱ የሚሽከረከርበትን ረጅም ብረት ምላስ እለዋለሁ። የሰንሰለት ዘይት በብርድ እንደ ማር ይወፍርና ምላሱ ጋ አይደርስም። ለብርድ የተሠራ ቀጭን ዘይት ተጠቀሙ። መድረሱን ለማወቅ የምላሱን ጫፍ ወደ ነጣ እንጨት አዙራችሁ፣ ሳታስነኩ፣ ሞተሩን ለጥቂት ሰከንድ ከፍ አድርጉ። የዘይት ፍንጥቅጣቂ መስመር እንጨቱ ላይ ከታየ ይሠራል። ብዙ መጋዞች ከሞተሩ ወደ ካርቡሬተሩ፣ ነዳጅና አየር ወደሚቀላቀሉበት ክፍል፣ ሙቅ አየር የምታስገባ መዝጊያ አላቸው። በውርጭ ወደ በረዶ ምልክቱ ትዞራለች። በሐሩር መመለሷን እንዳትረሱ፤ አለበለዚያ ሞተሩ ከልክ በላይ ይግላል።

የሰንሰለት ውጥረት ነገር ለሁለቱም ወቅት ነው። ሰንሰለት ሲሠራ ይሞቃል፣ ይረዝማል፣ ይላላል፤ እናንተም ታጠብቁታላችሁ። ሥራ ስትጨርሱ ግን አላልታችሁ አስቀምጡት። የጠበቀው ሰንሰለት ሲቀዘቅዝ ይኮማተርና ምላሱንም ሞተሩንም ይጎዳል። በውርጭ ልዩነቱ የባሰ ነው።

ነዳጅ ላይ ሐሩር ነው አደገኛው። የጋለ መጋዝ ታንክ ውስጥ ግፊት ይጠራቀማል። ክዳኑን በአንዴ ከከፈታችሁት ቤንዚን በጋለው ሞተር ላይ ሊረጭ ይችላል። ሞተሩን አጥፉ፣ ይቀዝቅዝ፣ ክዳኑን ቀስ ብላችሁ እያስተነፈሳችሁ ክፈቱ። ከሞላችሁበት ቦታ ቢያንስ 3 ሜትር ርቃችሁ አስነሱ። የደረቀ ሣር ላይ የጋለ መጋዝ አታስቀምጡ። ውኃ ወይም እሳት ማጥፊያ በእጅ ርቀት ይኑር።

ሞረድ ደግሞ ሁልጊዜ ኪስ ውስጥ ይሁን። በረዶ የያዘ እንጨት ለሰንሰለት ጠንካራ ነው፤ ቅርፊቱ ላይ የተጋገረ ጭቃ ከሆነ ደግሞ አሸዋ መቁረጥ ማለት ነው። ቀድማችሁ በመጥረቢያ ጀርባ አራግፉት። የሚወጣው ሰጋቱራ ትልልቅ ፍርፋሪ ከሆነ ሰንሰለቱ ስል ነው። ዱቄት መሆን ከጀመረ ዶልዱሟል፤ አቁማችሁ ሞርዱ።

ሦስት፦ ራሳችሁን

ብርድ ላይ የሚጎዳው ላብ ነው። ወፍራም ጃኬት ለብሳችሁ ብትጀምሩ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ትጠመቃላችሁ። እረፍት ስታደርጉ ያ ላብ ይቀዘቅዝባችኋል። ስትጀምሩ ትንሽ ብርድ ቢላችሁ ትክክል ለብሳችኋል። ደራርቡ፤ ከሥር ጥጥ ሳይሆን ሱፍ ይሁን፣ ጥጥ እርጥበት ይዞ ይቀመጣል። ጣት ነጥቶ ስሜት ካጣ አቁሙና አሙቁት። የመጋዝ ንዝረትና ብርድ ሲገጥሙ የጣት ደም ሥሮችን ለዘለቄታው ይጎዳሉ። ውኃም ጠጡ፤ በብርድ ጥም አይሰማም እንጂ ሰውነት መጠየቁን አላቆመም።

በሐሩር በየ15 እና 20 ደቂቃው አንድ ብርጭቆ ውኃ፣ ሳይጠማችሁ። እረፍት ጥላ ሥር። ሙቀቱ ገና የጀመረ ሰሞን ከሆነ ሥራውን ቀስ በቀስ ጨምሩ፤ ሰውነት ለመልመድ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ከመጣ ለዛሬ በቃ። አብሯችሁ የሚሠራው ሰው መቀባጠር ወይም መደናገር ከጀመረ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። የሙቀት ምት ይባላል፣ ይገድላል። አስቸኳይ እርዳታ ጥሩ፤ እስኪመጣ ጥላ ውስጥ አስገብታችሁ ልብሱን አላሉ፣ በውኃ አርሱት፣ አራግቡለት።

መነጽር፣ ጠንካራ ጫማ፣ ለመጋዝ ደግሞ ሄልሜት፣ የጆሮ መከላከያና መቆረጥን የሚከላከል ሱሪ። በሐሩር ሱሪው እንደሚያቃጥል አውቃለሁ። ካቃጠላችሁ ሰዓቱን አሳጥሩ እንጂ ሱሪውን አታውልቁ።

አራት፦ ግንዱን መቆራረጥ

ቆሞ ያለ ዛፍ መጣል ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ካልተማራችሁት የሚያውቅ ሰው ጥሩ። ለሚያውቁት አንድ ማሳሰቢያ ብቻ፦ ዛፉ ሲወድቅ የሚመራው ያልተቆረጠ ማጠፊያ በውርጭ ሳይለመጥ ሊሰበር ይችላል። ከተለመደው ትንሽ ወፈር አድርጋችሁ ተዉት። ማምለጫ መንገዳችሁንም ከበረዶ ጥረጉ፤ በደህና ቀን አንድ እርምጃ የሆነው በበረዶ ውስጥ መውደቅ ነው።

የወደቀውን ስትቆራርጡ ርዝመቱ ከምድጃችሁ ወርድ 5 ሴንቲ ሜትር ይነስ። አንድ ዱላ ለክታችሁ ቁረጡና መለኪያ አድርጉት። አጭር ቁራጭ ቶሎ ይደርቃል። ውሃ በጫፍ በኩል የሚወጣው በጎን ከሚወጣው ከ10 እጥፍ በላይ በፍጥነት ነው። በቁመቱ የተጋደመ ግንድ ዓመት ሙሉ ቢተኛ ውስጡ እርጥብ የሚሆነውም ለዚህ ነው።

መጋዝ እንዳይነከስ ግንዱ የት እንደተወጠረ እዩ። ሁለቱ ጫፎች ተደግፈው መሐሉ ከተንጠለጠለ ላዩ ተጨቁኗል፣ ታቹ ተወጥሯል። መጀመሪያ ከላይ ሢሶውን ቁረጡ፣ ከዚያ ከታች ወደ ላይ ጨርሱ። አንድ ጫፉ አየር ላይ ከሆነ ተቃራኒው። ቅዱ መጋዙን እንዳይነክስ የሚሰካው የፕላስቲክ ሽብልቅ በውርጭ ይሰባበራል፣ በበረዶ ከሞላው ቅድ ውስጥም ተስፈንጥሮ ይወጣል። ትንሽ አሸዋ ነስንሱበት፣ ይይዛል። ቁልቁለት ላይ ከታች በኩል አትቁሙ። በረዶ ላይ ግንድ ሳይታሰብ ይንሸራተታል።

አምስት፦ መፍለጥ

ጉማጁን የምታቆሙበት ማረፊያ ግንድ ያስፈልጋል። የማረፊያው ቁመት ከጉልበት አይብለጥ። ከእናንተ ራቅ ባለው የማረፊያው ጠርዝ በኩል አቁሙት። ስታችሁ ከጉማጁ ወዲህ ቢወርድ እንኳ ስለቱ ማረፊያው ላይ ያርፋል እንጂ እግር ላይ አይደርስም። እግራችሁን በትከሻ ልክ ክፈቱ። አንዱን ወደፊት አታስቀድሙ። በውርጭ የቆማችሁበትን በረዶ ጠርጋችሁ አመድ ወይም ሰጋቱራ በትኑ።

አሁን ቀረብ ብላችሁ የጉማጁን ፊት እዩ። ከመሐሉ ወደ ጠርዝ የሚሄዱ ፀጉር የመሰሉ ስንጥቆች አሉ። እንጨቱ ራሱ የት እንደሚከፈት እየነገራችሁ ነው። አንዱን ምረጡ፣ ጉጥ የሌለበትን። ቀኝ እጅ ከብረቱ አጠገብ ሆኖ ይጀምርና መጥረቢያው ሲወርድ ወደ ግራው ይንሸራተታል። መጥረቢያው በጉልበት ሳይሆን በክብደቱ ይውረድ። ስለቱ ሊያርፍ ሲል ጉልበታችሁን ትንሽ እጠፉ፤ መጥረቢያው ዞሮ ወደ እናንተ ከመምጣት ይልቅ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ዓይናችሁ ከስንጥቁ አይነቀል።

ወፍራሙን ጉማጅ መሐሉን አትምቱት። ዳር ዳሩን እንደ ዳቦ እየገመሳችሁ ዙሩት። የመሐሉ ጉብታ ሲቀር ራሱ ይታዘዛል። አሮጌ የመኪና ጎማ ካላችሁ ጉማጁን ጎማው ውስጥ አቁሙት። ፍልጡ አይበተንም፣ ሃያ ጊዜ ከማጎንበስ ትድናላችሁ።

ውርጭ እዚህ ነው ውለታውን የሚውለው። በሐሩር ሽብልቅና መዶሻ የሚያስፈልጋቸው ቃጫቸው የተጠላለፈ ግንዶች፣ በደንብ ሲበርዱ በመጥረቢያ ብቻ ይሄዳሉ። የብረት ሽብልቅ ግን በበረዶ የደነደነ ጉማጅ ላይ ሲመታ ተመልሶ ሊዘል ስለሚችል መጀመሪያ በመጥረቢያ ቅድ ክፈቱለት። ራሱ ያበበውንና የተንቀረፈፈውን ሽብልቅ ደግሞ በሞረድ አስተካክሉ፤ ከዚያ የሚፈናጠር ብረት እንደ ጥይት ነው።

በሐሩር ስትፈልጡ እንጨቱን ገና እርጥብ ሳለ፣ በቆረጣችሁበት ሳምንት ያዙት። ባሕር ዛፍ ጥሩ ምሳሌ ነው። እርጥቡ ይታዘዛል። ከደረቀ በኋላ ግን ቃጫው ተጠላልፎ ድንጋይ ይሆናል። ጥድን የመሰሉ ሙጫማ ዛፎች ደግሞ በሙቀት ስለቱን ያጣብቁታል፤ በዘይት በራሰ ጨርቅ እየጠረጋችሁ ቀጥሉ።

ለምድጃ ወርዱ ከ8 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፍልጥ ይበቃል። ቀጫጭኑን ለማቀጣጠያ ለይታችሁ አስቀምጡ።

ስድስት፦ መከመር

ብዙ ሰው ከዚህ ላይ ይሰንፋል። ከውርጩ በኋላ ዝናብ ሲመጣ ሜዳ ላይ የተጣለ ፍልጥ ድካማችሁን ሁሉ ይመልሰዋል።

ክምሩ መሬት አይንካ። ፓሌት (ዕቃ የሚጫንበት የእንጨት ርብራብ) ወይም ሁለት ግንድ ከሥር አድርጉ። ከግድግዳ አንድ ክንድ ራቁ፣ ነፋስ በኋላው ይለፍ። አንድ መደዳ ብቻ ከሆነና ሰፊው ጎኑ ነፋስ ወደሚመጣበት ካየ የተሻለ ነው። ለመድረቅ ከፀሐይ ይልቅ ነፋስ ይበልጣል። አናቱን ብቻ በቆርቆሮ ወይም በሸራ ሸፍኑ። እስከ መሬት ጠቅልሎ መሸፈን እንጨቱን ማፈን ነው፤ ላቡን ተመልሶ ይጠጣዋል፣ ይሻግታል።

በውርጭ የተከመረ ፍልጥም ይደርቃል። በረዶው ሳይቀልጥ በቀጥታ ወደ አየር ይተናል። ግን በጣም ቀስ ብሎ። ዋናው ጥቅሙ የመጀመሪያው ሞቃት ነፋስ ሲነሳ ተፈልጦና ተከምሮ መጠበቁ ነው። በሐሩር አጋማሽ የሚፈልጥ ሰው ከማድረቂያው ወራት ግማሹን አባክኗል።

ቀላል እንጨት ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ይበቃዋል። እንደ ኦክ ያለው ጠጣር ግን ሁለት ዓመት ይፈልጋል። ክምር የምታነሱ ከሆነ በሐሩር ጓንት ሳታደርጉ እጅ አትስደዱ። እባብም ጊንጥም ጥላ ይወዳል።

ደረቀ አልደረቀም የሚለውን ለማወቅ ሁለት ፍልጥ አጋጩ። የደረቀው ጥርት ያለ ድምፅ አለው፣ እርጥቡ ይታፈናል። የእርጥበት መለኪያ ካላችሁ የቆየውን ፊት አትለኩ፤ ፍልጡን እንደገና ፈልጣችሁ አዲሱን የውስጥ ፊት ውጉት። ላዩ ሁሌም ይዋሻል።

ሚዛን ብቻ ላለው ሌላ መንገድ አለ። በፈለጣችሁ ዕለት መካከለኛ አንድ ፍልጥ መዝኑና ክብደቱንና ቀኑን ጫፉ ላይ በእርሳስ ጻፉ። ከክምሩ መሐል፣ ስባችሁ ልታወጡት በምትችሉበት ቦታ ሰኩት። በየወሩ አውጥታችሁ መዝኑ፣ ከሥሩ ጻፉ። ሲጀመር 3.2 ኪሎ የነበረና እርጥበቱ ከደረቅ ክብደቱ 60 በመቶ የነበረ ፍልጥ፣ ውስጡ ያለው ደረቅ እንጨት 2 ኪሎ ነው። 20 በመቶ ላይ ሲደርስ 2.4 ኪሎ ይመዝናል። 0.8 ሊትር ውኃ ከአንዲት ፍልጥ ወጥቷል ማለት ነው። ከሐሩሩ በኋላ በተከታታይ ሁለት ወር ቁጥሩ ካልቀነሰ ክምሩ አየሩ የሚፈቅደውን ያህል ደርቋል። ከዚያ የሁለት ቀን ማገዶ እያስቀደማችሁ ወደ ቤት አስገቡ፤ ውጭ ያደረ በረዶ የያዘ ፍልጥ በቀጥታ እሳት ላይ አይጣል።